እናቴን አየርላንድ ላስጎበኙልኝ ሰው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው አንድም ለማመስገን፣ አንድም ወላጆቻችሁን ወደዚህ አገር ለማምጣት የምታስቡ ሁሉ እኛ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው።

እማዬ ከደብረ ብርሃን ዱብሊን ድረስ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ቪዛው እንዴት እንደተገኘ ያየ ያውቀዋል። ጉልበቷን ያማታል። እንግሊዝኛ አትችልም። የመጣችውም በፍልሰታ ጾም ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ ቤት ውስጥ ቡና ስታፈላልኝ ከርማ እንድትመለስ አልፈለግሁም። አገሩን እንድታየው ፈለግሁ።

መጀመሪያ የሄድነው በትልቅ አውቶብስ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። አስጎብኚው ማይክሮፎኑን ይዞ ያለ ፋታ ያወራል። እኔ ለእማዬ አንዱን ተርጉሜ ሳልጨርስ እሱ ሌላ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። «አስራ አምስት ደቂቃ!» ይልና ያወርደናል። እማዬ የአውቶብሱን ደረጃ ወርዳ፣ ጉልበቷን አሸት አሸት አድርጋ ቀና ስትል መመለሻ ሰዓት ደርሷል። አንድ ቦታ ላይ ዘገየን። ሰው ሁሉ ተቀምጦ እኛን ይጠብቃል። ስንገባ በዚያው ማይክሮፎን ሰዓት ስለማያከብሩ ሰዎች ተናገረ። እማዬ ቃሉ አልገባትም፤ ፊቱ ግን ገብቷታል። «ልጄ፣ አስቸገርኩሽ አይደል?» አለችኝ። ይቺ ንግግሯ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ለምሳ ቅቤና ወተት የሌለው ነገር ብለምን፣ የሚሰማኝ አጣሁ። ቅሬታዬን ጻፍኩላቸው። መልስ የለም።

ከዚያ በኋላ እማዬ «በቃ ቤታችን ይሻለናል» ብላ ነበር። እኔም ልተወው ምንም አልቀረኝም። አንዲት አየርላንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ ነች «እኚህን ሰው ሳትሞክሪ እንዳትተዪ» ብላ ስልካቸውን የሰጠችኝ።

ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በትንሽ መኪና፣ ቢበዛ ስምንት ሰው ይዘው ነው የሚሄዱት። ስደውልላቸው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ስለ እማዬ ጠየቁኝ። ምን ያህል መራመድ ትችላለች? ደረጃስ? ምን ትበላለች? ስለ ጾሙ ስነግራቸው «ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ የለም፤ ዓሣስ?» ብለው አንድ በአንድ ጻፉ። «ትልቅ ሰው አብሮን ካለ መኪናው በእሳቸው እግር ነው የሚሄደው» አሉኝ። እኔ እዚያው ስልኩ ላይ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ሲመጡ፣ ከመኪናው ኋላ ተጣጣፊ በርጩማ ጭነው ነበር። ለእማዬ ብለው! ቀኑን ሙሉ በቆምንበት ሁሉ በርጩማዋ ከእኛ በፊት ደርሳ ትጠብቃለች።

መጀመሪያ ታራ ኮረብታ ወጣን። የጥንት የአየርላንድ ነገሥታት የሚነግሡበት ቦታ ነው። አናቱ ላይ ሊያ ፋል የሚሉት ድንጋይ ቆሟል፤ እውነተኛው ንጉሥ ሲነካው ድንጋዩ ይጮህ ነበር ይባላል። እሳቸው አንድ አንቀጽ ያህል ይናገሩና ዝም ይላሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው «ተርጉሚላቸው፣ እጠብቃለሁ» ይላሉ። እኔ ስጨርስ፣ እማዬ ራሷን ስትነቀንቅ፣ ያኔ ይቀጥላሉ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎችም አልተቆጡም። እንዲያውም አንዷ ካናዳዊት «በዚህ ፍጥነት ለእኔም ይገባኛል» አለችኝ።

ኮረብታው ላይ ሰው ጨርቅና ጥብጣብ ያንጠለጠለበት ዛፍ አለ። እማዬ ገና ስታየው «እነዚህም አድባር አላቸው እንዴ?» አለች። ተርጉሜ ስነግራቸው በጣም ተገረሙ። እዚህ አገር እሾሃማዋን ነጭ አበባ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው አይገኝም አሉ፤ መናፍስት ያድሩባታል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ክሌር በሚባለው አውራጃ በኩል አውራ ጎዳና ሲሠራ እንኳ አንዷ ዛፍ እንዳትነካ ተብሎ ተሟግተውላት ተርፋለች።

እዚያው ኮረብታ ላይ ሻይ እየጠጣን ስለ ረሃቡ ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1845 ድንቹ በበሽታ ማሳው ላይ በሰበሰ። ድሃው የሚበላው እሱን ብቻ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞተ፤ ሌላ ሚሊዮን ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። ደሴቲቱ ያኔ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ዛሬም እዚያ ቁጥር ላይ አልተመለሰችም። እማዬ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ የሰባ ሰባቱን ነገረቻቸው፤ ከወሎ በእግራቸው የመጡትን፣ ቤቷ ያሳደረቻቸውን። እሳቸው ያን ጊዜ ወጣት አስተማሪ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ለኢትዮጵያ ብለው ሳንቲም እያመጡ በቆርቆሮ ያጠራቅሙ እንደነበር አጫወቱን። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የሚያስተረጉመው ነገር ብዙም አልነበረም።

ወደ ቦይን ወንዝ ስንወርድ የዓሣውን ተረት አመጡ። የዓለምን ጥበብ ሁሉ የያዘ ዓሣ በዚህ ወንዝ ይኖር ነበር። አንድ ሽማግሌ ባለቅኔ ሰባት ዓመት አድፍጦ ያዘው። ፊን የሚባለውን ልጅ «ጥበስልኝ፣ እንዳትቀምስ» አለው። ልጁ ሲያገላብጥ አውራ ጣቱን አቃጠለውና ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ጥበቡ ሁሉ ወደ እሱ ገባ። እማዬ ወዲያው «ሽማግሌው ለፋ፣ ልጁ በላ! ያልተጻፈልህን አትበላም» አለች። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

ኒውግሬንጅ የሚባለውን መቃብር ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ከ5000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 አካባቢ፣ የንጋት ፀሐይ ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ ገብታ ረጅሙን መተላለፊያ አቋርጣ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ትደርሳለች። 17 ደቂቃ ያህል ቆይታ ትወጣለች። ያን ቀን ለመግባት ዕጣ ይወጣል። ድንጋዩን እንዴት እንደደራረቡት ለባለሙያ ልተወው፤ ዝናብ ግን እስከ ዛሬ አያስገባም።

መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ጎንበስ ብሎ መሄድ ይጠይቃል። ይህንን አስጎብኚያችን ገና በስልክ ነግረውኝ ነበር። እዚያ ስንደርስ «አንቺ ግቢ፣ እናትሽ ከእኔ ጋር ናቸው» አሉኝ። ውስጥ መብራቱን አጥፍተው የፀሐይዋን አገባብ በመብራት አሳዩን። ስወጣ እማዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ እሳቸው አጠገቧ ተንበርክከው፣ በሩ ላይ ያለውን ትልቅ ድንጋይ ጥምዝ ጥምዝ ቅርጽ በጣታቸው አየር ላይ እየሳሉ ያሳዩአታል። ቋንቋ የላቸውም፤ ግን ይግባባሉ።

የመጨረሻው ሞናስተርቦይስ ነበር። ቀኑን ሁሉ የምነግራችሁ ለዚህ ብዬ ነው። የድሮ ገዳም ነው፤ አሁን የመቃብር ቦታ ሆኗል። የሙሬዳክ መስቀል የሚባል፣ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከላይ እስከ ታች መጽሐፍ ቅዱስ ተቀርጾበታል። በርጩማዋን ፊት ለፊቱ አደረጉላት። እማዬ ገና ቀና ስትል «ሚካኤል!» አለች። እውነትም ሚካኤል ነው፤ ነፍስ እየመዘነ፣ ሰይጣን ከሥር ሆኖ። ማንም አልተረጎመላትም።

ከዚያ እጇን ይዘው ወደ ጎኑ ወሰዷትና ወደ ላይ ጠቆሙ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ቁራ እንጀራ አምጥቶላቸዋል። እማዬ «አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ!» ብላ ጮኸች። አማተበች። አስጎብኚያችን ሁለቱ የግብፅ በረሃ መነኮሳት መሆናቸውን ያውቃሉ፤ የአየርላንድ መነኮሳት አኗኗራቸውን ከእነሱ አርአያ እንደቀዱም ሊነግሩን ተዘጋጅተው ነበር። ግን አቆሙ። «ዛሬ አስጎብኚዋ እርስዎ ነዎት» አሉና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ከእኛ ጋር ቆሙ።

እማዬም ተናገረች። ቁራው ለአባ ጳውሊ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣላቸው እንደነበር፣ አባ እንጦንስ ሊጠይቋቸው በመጡ ቀን ግን ሙሉ እንዳመጣ። እኔ አሁን ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። ሁሉም ጸጥ ብለው ይሰማሉ። ያቺ አውቶብስ ውስጥ አንገቷን የደፋችው እናቴ ናት! እግሩ ሥር ለሙሬዳክ ጸልዩ የሚል ጽሑፍ እንዳለ ሲነግሯት «ነፍሱን ይማርልን» አለች።

ለምሳ የወሰዱን ቤት ቀድመው ደውለው ቅቤና ወተት ያልነካው የአትክልት ሾርባ አሠርተው ነበር። ይህንንም መርሳት የለብኝም።

ወገኖቼ፣ ዋጋቸው ከአውቶብሱ ትንሽ ይበልጣል። ይብለጥ! ወላጅ ለሚመጣለት ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን የት ይገኛል? ሰው አይገፉም፣ አያጣድፉም፣ የሚያውቁትን በልክ ይነግራሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በፈረንጆቹ በጋ የኒውግሬንጅ ትኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ስትደውሉም ስለ ጉልበትም ሆነ ስለ ጾም አትፈሩ፣ ሁሉንም ንገሯቸው።

እማዬ ከደብረ ብርሃን በደወለች ቁጥር «ያ ደግ መምህር እንዴት ናቸው?» ትላለች። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።