ሁለቱ ጠርሙሶች፦ ኤምኤምኤ ኢኤል9 እና ፒኤምኤምኤ 950 ኤ4 ለኩቢት ሥራ ሲመዘኑ

የሱፐርኮንዳክተር ኩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ አሃድ) የሚሠራበት የዩኒቨርሲቲ ክሊንሩም ሲቋቋም ገንዘቡም ክርክሩም የሚያልቀው በኤሌክትሮን ጨረር መጻፊያውና በአልሙኒየም ማትነኛው ላይ ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ቺፕ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ካሉት ሁለት የ500 ሚሊሊትር ጠርሙሶች ጋር የተያያዘ ነገር ነው። እዚህ የምንመዝነው እነዚህን ነው፤ የካያኩ አድቫንስድ ማቴሪያልስ (የቀድሞው ማይክሮኬም) ምርት የሆኑትን ኤምኤምኤ ኢኤል9 እና ፒኤምኤምኤ 950 ኤ4። ሁለቱም ሬዚስት ናቸው፦ ቺፑ ላይ የሚቀባ፣ በኤሌክትሮን ጨረር ንድፍ የሚጻፍበት ፈሳሽ።

ነጥባችን ከ5 አራት ተኩል ነው። የጆሴፍሰን ጃንክሽን (ሁለት የአልሙኒየም ንብርብሮች በቀጭን ኦክሳይድ ተለይተው የሚደራረቡበት የኩቢቱ ልብ) ለሚሠራ ላብ ከዚህ ጥንድ የተሻለ የመጀመሪያ ግዢ አናውቅም። ከእሱ የጠሩ መስመሮችን የሚያወጡ ሬዚስቶች አሉ። ይህኛው ግን በየሴሚስተሩ የሚቀያየረውን የተማሪ እጅ ይችላል፤ ለላብ ኃላፊ ደግሞ ከምንም በላይ የሚያስጨንቀው ይኸው ነው። ግማሿን ነጥብ ለምን እንደቀነስን ከታች ይታያል።

መጀመሪያ ስሙን ማንበብ። 950 ማለት የሞለኪዩሉ ክብደት 950,000 ነው፤ "ኤ" ማሟሟቻው አኒሶል መሆኑን ይናገራል፤ 4 ደግሞ ከመቶ 4 እጁ ጠጣር መሆኑን። ኢኤል የኤቲል ላክቴት ምልክት ነው። ትዕዛዝ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በ950 ፈንታ 495 የመጣ እንደሆነ ሬዚስቱ ለጨረር ይበልጥ ስሱ ስለሆነ የድሮው ዶዝ (የጨረር መጠን) አይሠራም። በ"ኤ" ፈንታ "ሲ" የተጻፈበት ከመጣ ማሟሟቻው ክሎሮቤንዚን ነው፤ ከአኒሶል የባሰ መርዛም ስለሆነ ባይገባ ይሻላል።

ፒኤምኤምኤ ለኤሌክትሮን ጨረር መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአይቢኤም ነው። ያን ያህል ዕድሜ ያለው ኬሚካል ስለሆነ የማይታወቅ ጠባይ የለውም ማለት ይቻላል። የኤምኤምኤው ሥራ ከፒኤምኤምኤው ስር ተቀብቶ ለጨረሩ ቶሎ መሸነፍ ነው፤ ላዩ ጠባብ እንደተከፈተ ስሩ ሰፋ ብሎ ይቦረቦራል፣ አልሙኒየሙም ግድግዳውን ሳይነካ ይወርዳል።

አቀባቡ። ዌፈሩ (ቺፖቹ የሚሠሩበት ስስ ዝርግ) ከታጠበ በኋላ እርጥበቱ እንዲወጣ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ደቂቃ ይቀመጥ። ኢኤል9 በደቂቃ 4,000 ዙር ለ45 ሰከንድ ሲሽከረከር 300 ናኖሜትር ገደማ ይሰጣል። ከላዩ 950 ኤ4 በዚያው ፍጥነት 200 ናኖሜትር ገደማ። የአምራቹ ወረቀት ለኤምኤምኤ 150፣ ለፒኤምኤምኤ 180 ዲግሪ፣ በሆት ፕሌት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይላል። እኛ ሁለቱንም በ180 ዲግሪ 5 ደቂቃ መጋገርን እንመርጣለን። ምክንያቱም በደንብ ያልደረቀ ኤምኤምኤ ላይ አኒሶሉ ሲፈስስ ሁለቱ ንብርብሮች ድንበራቸው ላይ ይቀላቀላሉ፤ ያኔ የቡርቡሩ ስፋት ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፣ ጥፋቱም በዶዝ ይሳበባል። ሆት ፕሌት እንደ እንጀራ ምጣድ ነው፤ መሃሉና ዳሩ እኩል ላይግል ይችላል። ማሳያው ላይ የሚታየው ቁጥር የፕሌቱ እንጂ የዌፈሩ አይደለምና በዓመት ሁለቴ ላዩ ላይ ቴርሞኮፕል አሳርፎ መለካት ይገባል። በተለይ ትንሽ ቺፕ በሌላ ዌፈር ላይ ተጭኖ የሚጋገር ከሆነ ሙቀቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ጊዜው ይርዘም።

በ10 በ10 ሚሊሜትር ቺፕ ላይ ሬዚስቱ ዳር ዳሩን ይከመራል። ከጠርዙ 1 እስከ 2 ሚሊሜትር ድረስ ያለው ቦታ ጃንክሽን የሚቀመጥበት አይደለም፤ ንድፉ ሲሠራ ይታሰብበት።

በ100 ኪሎቮልት የሚሠራ መጻፊያ ላይ ለፒኤምኤምኤው በካሬ ሴንቲሜትር 1,000 ማይክሮኩሎምብና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ መነሻ ይሆናል። በ30 ኪሎቮልት ሲሶው ገደማ ይበቃል። ቡርቡሩ እንዲሁ በአጋጣሚ እንዲመጣ መተው አይገባም፤ በጃንክሽኑ ዙሪያ ኤምኤምኤውን ብቻ የሚከፍት፣ ላዩን የማይነካ ዝቅተኛ ዶዝ ያለው ሳጥን በንድፉ ላይ ለብቻ ይሣል። ሳፋየር ላይ ሌላ ችግር አለ፦ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ቻርጅ ይጠራቀምና ጨረሩን ይገፋዋል፣ መስመሩም ይንሸራተታል። ከላይ ኤሌክትራ 92 የተባለውን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ልባስ ቀብቶ ከተጻፈ በኋላ በውሃ ማጠብ ቀላሉ መፍትሔ ነው። 10 ናኖሜትር አልሙኒየም ማትነንም ይሠራል፤ ግን እሱን ለማንሳት ቤዝ (አልካሊ) ያስፈልጋል፣ ቤዙም በሬዚስቱ ላይ ቀዳዳ ካገኘ ከስር ያለውን አልሙኒየም ይበላል።

ዴቨሎፐሩ (በጨረር የተመታውን ሬዚስት የሚያሟሟው ፈሳሽ) ኤምአይቢኬ የተባለ ማሟሟቻ 1 እጅ ከአይሶፕሮፓኖል 3 እጅ ጋር ነው፤ 60 ሰከንድ፣ ከዚያ በአይሶፕሮፓኖል ማለቅለቅ። ተማሪዎች ሰከንዱን አጥብቀው ይቆጥራሉ፤ የቢከሩን ሙቀት ግን ማንም አይለካም። ፒኤምኤምኤ ለዴቨሎፐሩ ሙቀት ስሱ ነው፤ ጠዋት በ19፣ ከሰዓት በ22 ዲግሪ የተሠሩ ቺፖች እኩል አይወጡም። ቢከሩን ውሃ መታጠቢያ ውስጥ አስቀምጦ ሙቀቱን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ መያዝ ከማንኛውም የዶዝ ማስተካከያ በላይ ይጠቅማል። 3 እጅ አይሶፕሮፓኖልና 1 እጅ ውሃ፣ ቀዝቀዝ ተደርጎ፣ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ለመቆጣጠር ይመቻል፣ ሽታውም ይቀንሳል።

አሁን ግማሽ ነጥብ ወዳስቀነሰው ጉዳይ። ይህ ጥንድ ከዴቨሎፐር በኋላ ከስር ቀጭን ዝቃጭ ይተዋል። በማይክሮስኮፕ አይታይም። አልሙኒየሙ በላዩ ቢወርድ ጃንክሽኑ ይሠራል፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ መቋቋም አቅሙ (ሬዚስታንሱ) ከቺፕ ቺፕ ይበታተናል፣ በቀናት ውስጥም እየጨመረ ይሄዳል። መድኃኒቱ ለስለስ ያለ የኦክስጅን ፕላዝማ ሲሆን ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር መቅረፍ ይበቃል። ጉልበቱ ዝቅ ይበል፦ ፒኤምኤምኤ ከ105 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ስለሚለሰልስ የጋለ ፕላዝማ የመስመሩን ጠርዝ ያጎብጠዋል።

ፕላዝማው ግን ዋጋ ያስከፍላል፣ ዋጋውም የሚታየው በጂኦሜትሪው ነው። ማንሃተን በሚባለው የጃንክሽን አሠራር ሁለት መስመሮች መስቀል ይሠሩና አልሙኒየሙ በአንዱ መስመር አቅጣጫ ዘንበል ብሎ ሲመጣ ሌላኛው ውስጥ መግባት የለበትም። ለዚህም የላይኛው ንብርብር ውፍረት በማዘንበያው ማዕዘን ታንጀንት ተባዝቶ ከመስመሩ ስፋት መብለጥ አለበት። በ45 ዲግሪ ታንጀንቱ 1 ነው፤ 200 ናኖሜትር ፒኤምኤምኤ 170 ናኖሜትር መስመርን ይከልላል። ፕላዝማው ከላይም ከጎንም 15 ናኖሜትር ከቀረፈ ግን ውፍረቱ 185፣ ስፋቱ 200 ይሆናል፤ ክለላው ጠፋ። አልሙኒየሙ ወደማይገባበት መስመር እንደ ክር ሆኖ ይወርዳል፣ ጃንክሽኑም ከታሰበው ይሰፋል። ማዕዘኑን ወደ 50 ዲግሪ ማድረስ (185 በ1.19፣ ማለትም 220) ይፈታዋል። "የመቋቋም አቅሙ ሁልጊዜ ከስሌቱ ያንሳል" የሚል ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማዕዘኑና የፕላዝማው ጊዜ ነው።

በዶላን ድልድይ ለሚሠሩ ደግሞ ኢኤል9 አይመከርም። ጄራልድ ዶላን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ዘዴ አልሙኒየሙ ከተንጠለጠለ ድልድይ ስር ከሁለት በኩል እየገባ ይደራረባል፤ ምን ያህል እንደሚገባ የሚወስነው የኤምኤምኤው ከፍታ ነው። ኢኤል11 (ከመቶ 11 እጁ ጠጣር የሆነው) በ4,000 ዙር 500 ናኖሜትር ገደማ ይሰጣል። በ20 ዲግሪ ማዘንበል ከየጎኑ 182፣ በድምሩ 364 ናኖሜትር ይገባል። ድልድዩ 164 ናኖሜትር ቢሆን ድርቡ 200 ነው። ኢኤል9 በ300 ናኖሜትር ከፍታው በዚያው ማዕዘን በድምሩ የሚሰጠው 218 ብቻ ነው፤ ለድልድዩ የሚተርፍ ቦታ የለም። ነገር ግን በዶላን የኤምኤምኤው ውፍረት ስህተት በቀጥታ ጃንክሽኑ ላይ ያርፋል፦ 10 ናኖሜትር ልዩነት ድርቡን በ7 ናኖሜትር፣ የጃንክሽኑን የወለል ስፋት በ3.6 ከመቶ ይቀይራል። የኩቢቱ ድግግሞሽ የሚከተለው የዚህን ስፋት ካሬ ሥር ስለሆነ ለውጡ 1.8 ከመቶ ገደማ ነው፤ በ5 ጊጋኸርትዝ ኩቢት ላይ ወደ 90 ሜጋኸርትዝ። በማንሃተን ይህ ስሌት የለም፤ ስፋቱን የሚወስኑት የሁለቱ መስመሮች ወርዶች ናቸው። ለአዲስ ላብ ማንሃተንን የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊፍት-ኦፍ ላይ (ሬዚስቱ ሟሙቶ በላዩ ያለው አልሙኒየም ሲነሳ) አሴቶን ይሠራል፤ ግን ቶሎ ስለሚተን ቺፑ አየር ላይ ከደረቀ የተነሳው አልሙኒየም ተመልሶ ይለጠፋል፣ ያኔ አይነሳም። ዲኤምኤስኦ የተባለው ማሟሟቻ በ80 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ይሻላል። ኤንኤምፒም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ለፅንስ አደገኛ ነው ተብሎ ስለተመደበ በአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ወዲህ አጠቃቀሙ ላይ ገደብ ተጥሏል። አማራጭ እያለ ተማሪ ላይ መጫን አያስፈልግም።

ይህ ጥንድ የማይሆንበት ሥራም አለ፦ ኒዮቢየም ወይም ታንታለም በፕላዝማ ሲቀረጽ ፒኤምኤምኤ ጭምብል መሆን አይችልም፣ ራሱ ቀድሞ ይበላል። ለዚያ የኦልሬዚስት ሲሳር 62 ወይም ተራ ፎቶሬዚስት ይግባ።

አያያዙ ቀላል ነው። ለሚታይ ብርሃን ደንታ ስለሌለው ቢጫ መብራት አይፈልግም፤ ፍሪጅም አይፈልግም። ጠላቱ ክዳኑን የረሳ ሰው ነው። አኒሶሉ ሲተን 4 ከመቶ የነበረው ወደ 5 ይጠጋና በዚያው ዙር ወፍራም ንብርብር ይወጣል። ዋናው ጠርሙስ በኃላፊው እጅ ይቆይ፤ ተማሪዎች ቀን በተጻፈባቸው ቡናማ የ50 ሚሊሊትር ጠርሙሶች ይጠቀሙ፣ የተረፈው ወደ ዋናው አይመለስ። የጎማ ጫፍ ያለው ጠብታ መስጫ ሬዚስቱን ከነካ ጎማው ይሟሟና ቅባቱ ዌፈሩ ላይ እንደ ኮከብ የተበታተኑ ነጠብጣቦች ይተዋል። በየወሩ አንድ ባዶ ሲሊከን ቀብቶ ውፍረቱን መለካትና ቁጥሩን መዝገብ ላይ ማስፈር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሌላው ጥንቃቄ ቆሻሻው ነው፦ የሬዚስትና የአሴቶን ቆሻሻ ከፒራኛ (የሰልፈሪክ አሲድና የሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ድብልቅ) ወይም ከናይትሪክ አሲድ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። መያዣዎቹ በቀለም ብቻ ሳይሆን በቦታም ይራራቁ።

ባለ 4 ኢንች ዌፈር ለአንድ ንብርብር 5 ሚሊሊትር ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ብክነቱ ሲቀነስ መቶ ዌፈር አይሞላም። ትንንሽ ቺፕ ለሚሠራ ላብ ግን ጥቂት ጠብታ ስለሚበቃ ጠርሙሱ ከማለቁ በፊት የመጠቀሚያ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ከየዓይነቱ አንድ ብቻ ይታዘዝ፤ ሁለተኛው የሚመጣው መዝገቡ የፍጆታውን ልክ ሲያሳይ ነው።