ለበገና ጌጥ፦ የወርቅ ቅጠል ወይስ የናስ?

ባሕር ዳር ላይ በገናውን ወይም ክራሩን ማስጌጥ ያማረው ሰው ሁለቱን ቅጠሎች (እንጨት ላይ የሚለጠፉትን እጅግ የሳሱ የወርቅና የናስ ልጣፎች) ጎን ለጎን ቢያያቸው፣ በመጀመሪያው ቀን ላይለያቸው ይችላል። የሚለያዩት ክረምት ሲገባ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ በመሆኑ የጣና እርጥበትና የእጅ ላብ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ ቫርኒሽ ግድ ነው። እጅ በሚያዘወትረው የምሰሶው (የጎኑ ቋሚ እንጨት) ክፍል ላይ ግን ቫርኒሹም ቢሆን ተፍቆ ማለቁ አይቀርም። 22 ካራትና ከዚያ በላይ የሆነ ወርቅ አይጠቁርም።

ችግሩ አለጣጠፉ ላይ ነው። የወርቁ ቅጠል ውፍረት የሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ ገደማ ስለሆነ በጣት ከነኩት ጣት ላይ ይቀራል፤ የሚነሳው በለስላሳ ብሩሽ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንዳይበትነው መስኮት መዝጋት ያስፈልጋል። ናሱ ወፈር ስለሚል ጓንት አድርጎ በእጅ መያዝ ይቻላል፤ ለጀማሪ ይመቻል፣ ዋጋውም እጅግ ይቀንሳል።

የእንጨቱ ዝግጅት ለሁለቱም አንድ ነው፦ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ የእንጨቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች መድፈን፣ ማጣበቂያ መቀባት። ማጣበቂያው በጣት አንጓ ሲነካ ያዝ እያደረገ ምንም ሳይለቅ ሲቀር ደርሷል ማለት ነው። የድምፅ ሳጥኑን በሚሸፍነው ቆዳ ላይ ግን ሁለቱንም አትለጥፉ፤ ቆዳው ሲርገበገብ ይሰነጣጠቃሉ፣ ማጣበቂያውም ድምፁን ያፍናል።

ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ናሱ ይበቃል። ለሚደረደር በገና ወርቁን እመርጣለሁ፣ ያውም ቀንበሩ (ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት) ላይ ብቻ፤ ከላይ እስከ ታች የሚያብለጨልጭ በገና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኔ አይቀበለውም።