ኦዝሞ አክሽን 4 ከወራት የሜዳ ሥራ በኋላ

ሥራችን ሰው ሲሮጥ፣ ሲጋልብ፣ ሲቀዝፍ መቅረጽ ነው። ቡድናችን ትንሽ ናት። የምንሠራው ለጫማ፣ ለስፖርት ልብስ፣ ለታሸገ ውሃና ለአስጎብኚ ድርጅቶች ነው። ዋና ካሜራ አለን፤ ግን ዋና ካሜራ ሯጭ ደረት ላይ አይታሰርም። ለዚያ ቦታ ሰውነት ላይ የሚታሰረውን ትንሽ የስፖርት ካሜራ፣ የዲጄአይን ኦዝሞ አክሽን 4 ገዛን። ከዚያ ወዲህ እንጦጦ ላይ፣ ባሌ ላይ፣ ላንጋኖ ላይ አብሮን ሠርቷል። ዝናቡንም አቧራውንም አብረን አይተናል፤ ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ምስል ጥራት ነው። እኔ መጀመሪያ የማወራው ግን ከካሜራው ሥር ስላለው ማግኔት ነው። ካሜራው ማውንቱ (ሰው ወይም ዕቃ ላይ የሚታሰረው መቀመጫ) ላይ በማግኔት ይቀመጣል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው ይቆልፉታል። ብሎን ማጥበቅ የለም። ጠዋት አንዱን ማውንት ሯጩ ደረት ላይ፣ አንዱን ሄልሜት ላይ፣ አንዱን የብስክሌቱ መሪ ላይ አስረን እንተዋቸዋለን። ቀኑን ሙሉ የሚዘዋወረው ካሜራው ብቻ ነው። ጓንት ያደረገ ሰው እንኳ ሳይቸገር ይነቅለዋል፣ ይሰካዋል።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለእኛ ግን የሥራችንን አካሄድ ቀይሮታል። ባሌ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ ለስላሳው የጠዋት ብርሃንም ቶሎ ይሄዳል። አንድ ሯጭ በዚያ ከፍታ ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ ሲቆራረጥ «ይቅርታ፣ ብሎኑ ላልቶብን ነው፣ እንደገና ሩጥልን» ማለት ነውር ነው። አሁን ሯጩ ራሱ ካሜራውን ይሰካል፣ ራሱ ቁልፉን ይጫናል፣ ከፊት ባለው ትንሽ ስክሪን ፊቱ ፍሬም ውስጥ መግባቱን ያያል፣ ይሄዳል። እኛ ጅብራዎቹ መሃል በረጅም ሌንስ እንጠብቀዋለን። በአንድ ሩጫ ሁለት ምስል እናገኛለን፤ ሰውዬውም ጉልበቱ ይተርፈዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለቱም መያዣዎች መቆለፋቸውን በጣት ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ብስክሌት ላይ ከሆነ ደግሞ በቀጭን ገመድ እሰሩት። ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛነው የደረት ማሰሪያ እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ላልቶ ካሜራውን ሆድ ላይ አውርዶብናል። ካሜራው ምንም አልሆነም፤ ምስሉ ግን የብስክሌተኛው ጉልበት ብቻ ሆኖ ቀረ። በማሰሪያ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ወደ ምስሉ እንምጣ። ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) 1/1.3 ኢንች ነው፣ ለዚህ መጠን ካሜራ ትልቅ የሚባል። 4ኬ፣ ማለትም በጣም ጥርት ያለ ቪዲዮ፣ እስከ 120 ፍሬም በሰከንድ ይቀርጻል፣ ስለዚህ ስሎ ሞሽን አያሳስብም። ችግሩ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ላይ የቆመ መሆኑ ነው። አይጠብም፣ አይሰፋም። የባሌን የቀትር ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። በ25 ፍሬም ስንቀርጽ ሹተሩ (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አካባቢ ቢሆን እንቅስቃሴው ለዓይን ደስ ይላል፤ በዚያ ብርሃን ግን ሌንሱ ላይ ተደርጎ ብርሃን የሚቀንስ ኤን ዲ ፊልተር ከሌለ ምስሉ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ሹተሩን ለራሱ ከተዋችሁት በጣም ይፈጥናል፣ የሯጩ እግር ይቆራረጣል። ፊልተር የግድ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ ስትወርዱ ፊልተሩን አውልቁት። የካሜራው ማረጋጊያ የሚሠራው በሌንስ እንቅስቃሴ ሳይሆን ምስሉን በሶፍትዌር እያንቀሳቀሰና ጠርዙን እየቆረጠ ነው። ሹተሩ ሲዘገይ እያንዳንዱ ፍሬም ራሱ ደብዝዞ ይቀረጻል፤ ማረጋጊያው ፍሬሙን ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ድብዘዛውን ግን አያጠፋውም። ውጤቱ የሚንቀጠቀጥ ጭጋግ የመሰለ ነገር ነው። ጫካ ውስጥ ሹተሩን አፍጥኑ፣ አይኤስኦው (ካሜራው ምስሉን የሚያደምቅበት መጠን) ትንሽ ይውጣ። ትንሽ ነጠብጣብ ያለው ጥርት ያለ ምስል ከደበዘዘ ይሻላል።

ሌላው የፊት ጉዳይ ነው። ይህን ከልቤ ነው የምለው። የእኛ ሯጮች ጥቁርና ጠይም ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ኮፍያ ያደርጋሉ፣ ከኋላቸው ያለው ሰማይ ደግሞ ያበራል። ካሜራው ለራሱ ሲወስን ሰማዩን ያድናል፣ ፊቱን ያጠፋዋል። ደንበኛው የሚፈልገው ደግሞ ያንን ፊት፣ ያንን ላብ ነው። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) ፊት ላይ ለክተን እንቆልፈዋለን፣ ዲ-ሎግ ኤም በሚባለው፣ በኋላ ለከለር ሥራ ሰፊ ቦታ በሚተወው የ10 ቢት አማራጭ እንቀርጻለን። ከለር ስንሠራ ፊቱን ብናነሳው እንኳ ወደ አመድ አይሄድም። ከዋናው ካሜራ ምስል ጋር ማስማማትም ብዙ አያስቸግርም፤ ኤዲተራችን መጀመሪያ ጠርጥራ ነበር፣ አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ስትቆርጥ ቅር አይላትም።

ማረጋጊያው ጎበዝ ነው። አድማሱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ አማራጭ አለው፤ እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ቢል 4ኬ ላይ ያስተካክላል። ፈረስ ላይ በጣም ጠቅሞናል። ሙሉ ዙር ቢገለበጥ እንኳ ቀጥ የሚያደርገው ሌላኛው አማራጭ ግን ጥራቱን ወደ 2.7ኬ ያወርደዋል፣ ስለዚህ አንጠቀምበትም። ደግሞም ሁሉንም መንቀጥቀጥ ማጥፋት ጥሩ ነው ብዬ አላምንም። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ሥራ ሥሩን እየዘለለ የሚወርድ ብስክሌተኛ አስፋልት ላይ የሚሄድ ከመሰለ ምን ዋጋ አለው? እዚያ ማረጋጊያውን ወደ ዝቅተኛው እናወርደዋለን። ተመልካቹም መንገዱ ይሰማው።

ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ፈቃዱም በአንድ ጀንበር አያልቅም። ስለዚህ ካሜራውን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክተን ከሯጩ በላይ ይዘን አብረን እንሮጣለን። 145 ግራም ስለሆነ ክንድ አያደክምም። ድሮንን አይተካም፣ ግን ለሰከንዶች ክሊፕ በቂ ነው።

ባትሪው 1,770 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ኩባንያው 160 ደቂቃ ይላል፤ ያ ግን ስክሪኑ ጠፍቶ፣ በዝቅተኛ ጥራት ነው። 4ኬ በ50 ፍሬም ስትቀርጹ ያንን አትጠብቁ። እኛ ሦስት ባትሪ ይዘን ነው የምንወጣው። እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የሳነቴ ብርድ አላስቸገረውም፤ ቢሆንም ሌሊት ባትሪዎቹን መኝታ ከረጢት ውስጥ እናሳድራቸዋለን። ሦስት ባትሪ የሚይዘው ሳጥን ስልክም ቻርጅ ያደርጋል። መብራት በሌለበት ካምፕ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አዲሱን ካሜራ ግን ከከተማ ሳትወጡ በስልክ መተግበሪያው አክቲቬት አድርጉት፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ተራራ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ እንዳትዞሩ።

ላንጋኖ ላይ ካያክ ቀርጸንበታል። ያለ ተጨማሪ የውሃ መከላከያ ሽፋን እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ውሃ አያስገባም። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ከሥር ምንም አይታይም፤ ቆንጆው ምስል ሌንሱ ውሃው ገጽ ላይ ግማሹ ሰምጦ ግማሹ ሲወጣ ነው። ከውሃው ይልቅ አቧራውን ፍሩ። የባትሪው በር ላስቲክ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካለች በሩ በደንብ አይገጥምም። ከመዝጋታችሁ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፣ ከውሃ ሲወጣም በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ ነው በሩ የሚከፈተው።

ድምፁ ነፋስ እስካልበረታ ድረስ ጥሩ ነው። ትንፋሽና የእግር ኮቴ አሪፍ አድርጎ ይይዛል፤ ማስታወቂያ ውስጥ እነዚህን ድምፆች ከሙዚቃ በላይ እወዳቸዋለሁ። ለቃለ መጠይቅ ግን ለብቻው ማይክ ያዙ።

አሁን የሚጎድለው። ጂፒኤስ ውስጡ የለውም። ፍጥነትና ከፍታ ስክሪን ላይ እንዲታይ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ጂፒኤስ ያለውን ሪሞት ለብቻ መግዛት ነው፤ እኛ የሯጩን የእጅ ሰዓት መረጃ ወስደን ኤዲት ላይ እንጨምረዋለን። ፎቶው 10 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፣ ለቢልቦርድ አይሆንም። በጨለማ በጭላንጭል መብራት መቀረጽም የሱ ሜዳ አይደለም።

ሜሞሪ በደንብ አስቡበት። በከፍተኛው ጥራት በደቂቃ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ 128 ጊጋ ካርድ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከአንድ ሱቅ የገዛነው ካርድ ላዩ ላይ የታወቀ ስም ተጽፎበት አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል፣ መሃል ላይ መጻፍ አቆመ። ማንኛውም አዲስ ካርድ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ቤት ውስጥ እስከ ጫፉ ይሞላ፣ ከዚያ ፋይሎቹ ይከፈቱ።

ሲወጣ በፈረንጆቹ 2023 ዋጋው 399 ዶላር ነበር። በብር ስንት እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የሚያመጣላችሁ ሰው ማን እንደሆነም ይወስነዋል። ተከታዩ 5 ፕሮ በ2024 ወጥቷል፤ ውስጡ 47 ጊጋባይት ማከማቻ አለው፣ ባትሪውም ይበልጣል። ካርድ ለሚረሳ ቡድን ያ ብቻውን ልዩነት ነው። እኛ ሁለተኛ ካሜራ ስንፈልግ ግን ሌላ 4 ነው የገዛነው፤ በዋጋው ልዩነት ፊልተርና ጠንካራ ማሰሪያ ጨመርንበት። ባትሪውና ማውንቱ ለ5 ፕሮም ስለሚሆኑ ነገ ብንቀይር እንኳ ሯጮቻችን የለመዱት አሰካክ ያው ነው።