ከፒኢ ቀለም ጋር የተጣመረው የሲዲ4 አንቲቦዲ፣ ክሎን አርፒኤ-ቲ4፦ ከአንድ ዓመት አጠቃቀም በኋላ

በምሠራበት የምርምር ላቦራቶሪ ላለፈው አንድ ዓመት ከማቀዝቀዣው በየሳምንቱ የማወጣት አንዲት ትንሽ ቡናማ ብልቃጥ አለች። በውስጧ ያለው በሰው ሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኘውን ሲዲ4 የተባለ ሪሴፕተር (ተቀባይ ፕሮቲን) ፈልጎ የሚይዝና ፊኮኤሪትሪን ከተባለ አብሪ ቀለም ጋር የተጣመረ አንቲቦዲ ነው። ቀለሙን ሁላችንም በአጭሩ «ፒኢ» እንለዋለን። ብልቃጧ 500 ማይክሮ ሊትር ትይዛለች፤ አምራቹ ለአንድ ናሙና 5 ማይክሮ ሊትር ስለሚያዝ በወረቀት ላይ የ100 ምርመራ ዕቃ ናት። ይህንኑ ክሎን፣ ማለትም ከአንድ የሕዋስ ዘር የሚመረተውን አንድ ወጥ አንቲቦዲ፣ የሚሸጡ ኩባንያዎች ብዙ ስለሆኑና ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለሁሉም ስለሚሠራ የአቅራቢውን ስም አላነሳም።

«ሲዲ ፎር» የሚለው ስም በአገራችን ከላቦራቶሪ ወጥቶ በየቤቱ የታወቀው በኤችአይቪ ምክንያት ነው፤ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት በመጀመሪያ የሚይዘው ይህንኑ ሪሴፕተር ነውና። ረዳት ቲ-ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በገጹ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሲዲ4 ይይዛል። ሞኖሳይት የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትም ይኖራቸዋል፤ መጠኑ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። አንድ አብሪ አንቲቦዲ ጥሩ ነው ወይም አይደለም ለማለት እኔ በመጀመሪያ የማየው ብዙ ሪሴፕተር ያለውን ሊምፎሳይት ሳይሆን ጥቂት ያለውን ሞኖሳይት ነው።

ከዚህ በፊት የምንጠቀመው ኤፍአይቲሲ ከተባለ ሌላ አብሪ ቀለም ጋር የተጣመረውን ያንኑ ክሎን ነበር። ሕዋሳትን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት አሳልፎ ብርሃናቸውን በሚለካው መሣሪያችን (ፍሎ ሳይቶሜትር) ውስጥ ሁለቱም ቀለሞች በ488 ናኖ ሜትር ሌዘር ይበራሉ፤ ኤፍአይቲሲ በ520 አካባቢ አረንጓዴ፣ ፒኢ በ578 አካባቢ ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣሉ። ልዩነታቸው የሚጎላው በድምቀት ነው። ኤፍአይቲሲ ትንሽ ኬሚካል ነው፤ ፒኢ ግን ከቀይ አልጌ የሚገኝ፣ ወደ 240 ኪሎ ዳልተን የሚመዝን ፕሮቲን በመሆኑ ከተሸከመው አንቲቦዲ እንኳ ይከብዳል፤ አንቲቦዲው 150 ገደማ ብቻ ነውና። በዚያ ላይ ሕዋሳት በተፈጥሯቸው የሚሰጡት ደካማ ብርሃን በአረንጓዴው በኩል ስለሚበረታ የኤፍአይቲሲ ምልክት ከዚሁ ጋር ይቀላቀላል፤ ሕዋሳቱ ያሉበት ፈሳሽ አሲድነት ካለውም ይደበዝዛል። በኤፍአይቲሲ የሠራነው ግራፍ ላይ ሞኖሳይቶቹ ሲዲ4 ከሌላቸው ሕዋሳት ጋር ተደበላልቀው እንደ ትከሻ ብቻ ይታዩ ነበር። በፒኢ ግን ራሳቸውን ችለው፣ ከሊምፎሳይቶቹ ዝቅ ብለው፣ እንደ ሦስተኛ ክምር ቆሙ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ስናይ የተሰማንን ደስታ አልደብቅም።

ሁለተኛው ደስታ የመጣው ከቲትሬሽን፣ ማለትም ትክክለኛውን የአንቲቦዲ መጠን በሙከራ ከመፈለግ ነው። 5፣ 2.5፣ 1.25 እና 0.6 ማይክሮ ሊትር በተመሳሳይ መጠን ደም ላይ ሞክረን፣ ሲዲ4 ባላቸውና በሌላቸው ሕዋሳት መካከል ያለውን ርቀት ለካን። በእኛ መሣሪያ 1.25 ማይክሮ ሊትር ከ5ቱ ያልተናነሰ ልዩነት ሰጠ፤ ሲዲ4 የሌላቸው ሕዋሳት ላይ የሚታየው ያልተፈለገ ብርሃንም ቀነሰ። 0.6 ላይ ግን ዋናው ክምር መውረድ ጀመረ። ስለዚህ የ100 ምርመራው ብልቃጥ ወደ 400 አደገ፤ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ላቦራቶሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ቁጥሩን ከእኔ መውሰድ አይገባም፤ የሕዋሱ ብዛት፣ የፈሳሹ መጠንና የመሣሪያው ቅንብር ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣልና።

ይህን ግምገማ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ዋና ጉዳይ የክሎን ምርጫ ነው። ለሲዲ4 በብዛት የሚሸጡት ክሎኖች አርፒኤ-ቲ4፣ ኤስኬ3 እና ኦኬቲ4 ናቸው፤ ገዢው ብዙውን ጊዜ ቀለሙን መርጦ ክሎኑን ለዋጋው ይተወዋል። እኛም በአንድ ወቅት ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ከጎረቤት ላቦራቶሪ የተረፈ ኦኬቲ4 ተሰጥቶን በነፃ ያገኘነውን መጠቀም ጀመርን። ከጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በአንዱ ላይ የሲዲ4 ክምሩ ድምቀት በግማሽ ወርዶ አገኘነው። ናሙናው የቆየ መሰለን፤ ደግመን ቀዳን፤ ያው ሆነ። በአርፒኤ-ቲ4 ስንደግመው ግን ሰውየው ፍጹም እንደ ሌላው ሰው ነበር። ነገሩ ከተለመደ የዘር ልዩነት የሚመጣ ነው፤ ኦኬቲ4 የሚይዘው የሲዲ4 ክፍል በአንዳንድ ሰዎች ላይ የተለወጠ በመሆኑ፣ ልዩነቱን ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው ላይ ክሎኑ በግማሽ ይደምቃል፤ ከሁለቱም የወረሰ ሰው ላይ ጭራሽ አይታይም። ይህ ልዩነት የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎችና በጃፓናውያን ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል፤ የሕዋሱን ሥራ አያጎድልም፤ የሚያሳስተው ተመራማሪውን ነው። የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቁጥር ከአውሮፓውያን ዝቅ ያለ መሆኑን የኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሳይተዋል፤ በተፈጥሮ ዝቅ ባለ ቁጥር ላይ የክሎን ስሕተት ሲጨመር ምን ዓይነት መደምደሚያ ሊወጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለኦኬቲ4 ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር ልጨምር። አርፒኤ-ቲ4 እና ኤስኬ3 የሚይዙት ኤችአይቪ ሕዋሱን የሚይዝበት ጂፒ120 የተባለው ፕሮቲን ከሚይዘው የሲዲ4 ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሕዋሱ አስቀድሞ ከጂፒ120 ጋር ከተገናኘ ሁለቱ ቦታ ያጣሉ፤ ከዚያ ርቆ የሚይዘው ኦኬቲ4 ግን ያገኘዋል። የቫይረሱን አያያዝ ለሚያጠና ሰው ሁለቱን ዓይነት ክሎን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ለተራ ልየታ ግን እኔ ወደ ኦኬቲ4 አልመለስም።

ቅሬታዬ ከምርቱ ይልቅ ከአመጣጡ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ያመጣልን አስመጪ ወኪል ዕቃውን ከደረቅ በረዶ ጋር አሽጎ አስመጣው፤ ቅዝቃዜ በበዛ ቁጥር የሚሻል መስሎት ይሆናል። ፒኢ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበትና በረዶ ከሆነ የሚበላሽ ፕሮቲን ነው። ሳጥኑ በጉምሩክ ቀናት አሳልፎ ሲደርሰን ብልቃጡ ቀልጦ ስለነበር ጤነኛ ይመስል ነበር፤ የሰጠን ምልክት ግን ደብዛዛና የተበታተነ ሆነ። ወኪሉ ገንዘቡን አልመለሰም፤ «ሲመጣ ቀዝቃዛ ነበር» የሚለው መልስ ብቻ ቀረልን። ከዚያ ወዲህ በትእዛዝ ወረቀታችን ላይ «በረዶ አይሁን» የሚለውን በትልቁ እንጽፋለን፤ ሳጥኑ ውስጥም የሙቀት መመዝገቢያ እንዲገባ እንጠይቃለን። ሁለተኛው ብልቃጥ በዚህ መንገድ መጥቶ እስካሁን አላሳፈረንም።

በአያያዝ በኩል ፒኢ ከኤፍአይቲሲ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብርሃን ያደክመዋል። ቱቦዎቹን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍነን ለ20 ደቂቃ እናቆያቸዋለን፤ ከዚያ ቀይ የደም ሕዋሳቱን በአሞኒየም ክሎራይድ አፍርሰን በዚያው ቀን እናነባለን። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን አለመክፈት የሁላችንም ያልተጻፈ ሕግ ሆኗል። ከብክለት ለመጠበቅ አዛይድ የተባለ ኬሚካል ስላለው በሕያው ሕዋስ ላይ ቀጣይ ሙከራ ለሚያደርግ ሰው ይህ ምርት አይሆነውም፤ ሕዋሱን ይጎዳዋል።

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ፣ በሚቀጥለው ፕሮጀክታችን ፒኢን ለሲዲ4 እንደማልሰጠው መናገር አለብኝ። ከሲዲ4 ጋር ሲሲአር5 የተባለውን፣ ቫይረሱ በሁለተኛ ደረጃ የሚያስፈልገውን ሪሴፕተር ማየት እንፈልጋለን፤ ሲሲአር5 ደግሞ በሕዋሱ ላይ ያለው መጠን በጣም ያነሰ ነው። ደማቁን ቀለም ብዙ ላለው ሰጥቶ ደካማውን ጥቂት ላለው ማስቀረት ቦታውን ማባከን ይሆናል። ስለዚህ ፒኢን ከሲሲአር5 ክሎን 2ዲ7 ጋር፣ ሲዲ4ን ደግሞ በዚያው አርፒኤ-ቲ4 ክሎን ኤፒሲ ከተባለ ሌላ አብሪ ቀለም ጋር አዝዣለሁ፤ ኤፒሲ በቀዩ ሌዘር ስለሚበራ ከፒኢ ጋር እምብዛም አይጋጭም። ሞኖሳይቶቹን ለብቻ ለማየት ስንፈልግ ግን ቡናማዋ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣው መውጣቷን ትቀጥላለች።