ባዝራዬን ከማከክ ያሳረፉልኝ ጋሼ

ሰላም የእንጅባራና የአካባቢዋ ሰዎች። ዛሬ የማመሰግናቸው ሰው አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ሥራቸው ፈረስ ማጠብና መንከባከብ ነው። «ፈረስ ማጠብ ደግሞ ማንን ያቅታል?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ስል ነበር።

ሸጊት የአባቴ ባዝራ፣ ማለትም ሴት ፈረስ ናት። ዳማ ናት፣ ግንባሯ ቦራ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር አባል ነበር፤ የማህበሩ በዓል ጥር 23 ሲደርስ ቤታችን ሰርግ ቤት ነበር የሚመስለው። እኔ ግን የቢሮ ሰው ነኝ። ከሥራ ስመለስ ሳርና ውሃ ማቅረብ፣ ፋንድያ መጥረግ፣ በቃ። እማዬ «ሽጫትና እረፊ» ስትለኝ እሺ እላለሁ። ጠዋት ስታሽካካ ስሰማ ደግሞ እተወዋለሁ።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ሸጊት ጭራዋን ማሸት ጀመረች። የጋጡን ግድግዳ፣ የአጥሩን እንጨት፣ ብቻ ያገኘችውን ሁሉ። ቂጧን አስጠግታ ግራ ቀኝ ትፈትጋለች። ከጅራቷ ሥር ያለው ጠጉር አልቆ ያረጀ መጥረጊያ መሰለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ዓይን በልቷታል አለ። አንዷ ጠበል እርጪባት አለችኝ። አንድ መድኃኒት ሻጭ ደግሞ እሷን ሳያይ የትል መድኃኒት ሸጠልኝ። ሰጠኋት፤ ማሸቱ አልቆመም። በመጨረሻ እኔው ብልጥ ሆንኩና በልብስ ዱቄት ሳሙና ከኋላዋ አጠብኳት። በማግስቱ ቆዳዋ ቀልቶ ተቆጣ። ስጠጋት ልትረግጠኝ ሞከረች። አልፈረድኩባትም።

ጋሼን የጠቆመችኝ ድንች የምትሸጥልኝ ሴት ናት። ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ጅራቷን ከሩቅ አይተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር «ልጄ፣ ጡቶቿ መሃል ገብተሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ነበር። አፈርኩ። እንኳን ላየው፣ አስቤውም አላውቅ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ለአንዳንዶቻችሁ ነውር ሊመስል ይችላል። ይቅርታ፣ ግን ባዝራ ያለው ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ለብ ያለ ውሃ በሁለት ሳፋ፣ ያረጀ ነጠላ ቀደው ደግሞ ሦስት ጨርቅ አዘጋጁ። አንደኛው ጨርቅ ጫፍ ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። «ይሄ የኋላዋ ነው። ዓይኗን የነካ ጨርቅ እዚያ አይሄድም፣ እዚያ የነካ ደግሞ ዓይኗ ጋ አይመለስም» አሉኝ። ሳሙና ላመጣ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

ወደ ሸጊት ሲጠጉ ቀጥታ ከኋላ አልሄዱም። በትከሻዋ በኩል መጥተው አወሯት። መዳፋቸውን አንገቷ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ሳያነሱ በጀርባዋ አድርገው እስከ ዳሌዋ ወሰዱት። ጎኗን ተጠግተው፣ ፊታቸውን ወደ ጅራቷ አዙረው ቆሙ። አንድ እጃቸው ዳሌዋ ላይ ነው፤ ልትራገጥ ካሰበች ሰውነቷ ሲከብድ ቀድመው ይሰሙታል። በሌላው እጅ በለብ ያለ ውሃ የራሰውን ጨርቅ ከሆዷ ሥር አስገብተው ሁለቱ ጡቶቿ መሃል ያለው ስንጥቅ ላይ አኖሩት። አላሹም። ዝም ብለው ያዙት። እኔ ስንት ደቂቃ ነው የሚይዙት እያልኩ እቁነጠነጣለሁ።

ከዚያ ቀስ አድርገው ጠረጉና ጨርቁን ከፍተው አሳዩኝ። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ልክ የቡና አተላ የመሰለ ነገር። ላቧ፣ የቆዳዋ ወዝ፣ የሞተ ቆዳና አቧራ ተደባልቆ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይጋገራል። ያሳክካታል። እሷ ግን አፏም እግሯም እዚያ አይደርስም። የምትደርሰው በጅራቷ ብቻ ነውና ጅራቷን ታሻለች። እኛ ደግሞ ጅራቷን እናክማለን።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሸጊት አንገቷን ዝቅ አደረገች። የላይኛው ከንፈሯ ረዝሞ ወጣና ይንቀጠቀጥ ጀመር። የኋላ እግሯን ከፈት አድርጋ እሳቸው ላይ ዘንበል አለች። ጋሼ ሳቁ። «እንዴት ነሽ? እዚያ ነው አይደል?» ይሏታል። እኔ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ስንት ወር ግድግዳ ስትፈትግ ከርማለች እኮ።

ቀጥለው ጅራቷን ቀና አድርገው ሥሩን በደንብ አዩ። ፊንጢጣዋ አካባቢ ቢጫ ወይም ግራጫ የሆነ ቅርፊት ነገር ቢኖር የትል እንቁላል ሊሆን ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል አሉ። የሷ ንጹህ ነበር። ብልቷን ከውጭ ብቻ፣ በንጹህ ውሃ፣ ከላይ ወደ ታች ጠረጉላት። ወደ ውስጥ ምንም አይገባም። ሳሙናም፣ ፀረ ተባይም፣ ጣትም። ከዚያ በደረቁ ጨርቅ አደረቁላት። እርጥብ ሆኖ የተተወ ቆዳ መልሶ ይቆስላል። የእንጅባራን ብርድ ስለሚያውቁት ይሄንን ሥራ ፀሐይ ሳይሞቅ አይጀምሩም።

ይሄ በየቀኑ የሚደረግ አይደለም። በሁለት ሳምንት አንዴ በቂ ነው ብለውኛል፤ ቶሎ ቶሎ ከታጠበ ቆዳው ወዙን ያጣል። በየቀኑ ያዘዙኝ ሰኮናዋን ነው። ከተረከዝ ወደ ጣት እየጠረግሽ፣ ጭቃውን አውጪ፣ አሽቺው። መሃሉ ላይ ያለው ለስላሳ ክፍል ከጠቆረና ከገማ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ጉዝጓዟን የሚፈትሹበት ዘዴ ደግሞ አሳቀኝ። ጋጡ ውስጥ ገብተው ጭዱ ላይ ተንበረከኩ። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ራሰ። «እኔ ራሴን ያላደረቀ ጉዝጓዝ እሷን ያደርቃል?» አሉና እኔንም አንበረከኩኝ። ጎንበስ ብዬ አፍንጫዋ በሚያርፍበት ከፍታ ሳሸት የሽንቱ ክርፋት ዓይኔን አቃጠለኝ። ቆሜ ስጠርግ እኮ ምንም አይሸተኝም ነበር።

በአምስት ሳምንት ውስጥ የጅራቷ ሥር ጠጉር ማብቀል ጀመረ።

ጋሼን እንድጠቁም ያደረገኝ ግን ይሄ ብቻ አይደለም። ሰኔ ላይ እንደተለመደው መጡ። ጨርቁን ከማስገባታቸው በፊት በእጃቸው ጀርባ ጡቷን ነኩና ቆሙ። ግራው ሞቋል፣ አብጧል፣ ሲነካም ትሸሻለች። ጨርቁን መልሰው ሳፋው ውስጥ ጣሉት። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። ዛሬውኑ ወደ ሐኪም» አሉ። ብር ስሰጣቸው አልቀበልም ብለው ሸጊትን ራሳቸው ስበው እንስሳት ክሊኒክ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ሙቀቷ 39.2 ነበር፤ ጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ባለው ውስጥ ነው የሚሆነው። የጡት ኢንፌክሽን ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ዳነች። የማያውቀውን «አላውቅም» የሚል ባለሙያ ስታገኙ አጥብቃችሁ ያዙት።

አሁን ሸጊት የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ባዝራ 11 ወር ገደማ ነው የምትሸከመው። ጋሼ ከአሁኑ አስጠንቅቀውኛል። ወደ መጨረሻው የጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ካየሁ እንዳልጠርገው፣ ልትወልድ ስለተቃረበች እንድደውልላቸው። እማዬ ስለ መሸጥ ማውራት ትታለች። ውርንጭላውን ማን እንደሚወስደው ነው አሁን የምታስበው።

አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። እኛ አገር ፈረስ ክብር አለው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ያስባለው የፈረሳቸው ስም ነው። በባዝራ ስም የተጠራ ጀግና ግን ሰምቼ አላውቅም። ጥር 23 ሲመጣ ግንባራቸውን እናስጌጣለን፣ ጋማቸውን እናበጥራለን። ከጅራት በታች የሚያይ ሰው ያገኘሁት አንድ ጋሼን ነው።

እንከን የላቸውም እንዳትሉ። ሰዓት አያከብሩም። ሦስት ሰዓት ካሉ አራት ተኩል ነው። በወር በ23 ለጊዮርጊስ ብላችሁ ብትለምኗቸውም አይሠሩም፣ እንዲያውም ለጊዮርጊስ ብለው ነው የማይሠሩት። ኮርቻው የላጠው ጀርባ ካዩ ባለቤቱን በሰው ፊት ይቆጣሉ፤ አንድ ጎረቤቴ እስከዛሬ ተቀይሟቸዋል። ዋጋቸውን ግን ለሹሩባ ከምከፍለው ያነሰ ስለሆነ እኔ ነኝ የማፍረው።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሁለት ሳፋና ሦስት ለስላሳ ጨርቅ አዘጋጁ፣ ቀዩን ክር እሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ቡና ከተፈላ ደግሞ አይቸኩሉም።