ከጁምላ 3 ወደ ጁምላ 5፦ አፕግሬዱ ራሱ ቀላል ነው፣ ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው

ጁምላ 3 (የዌብሳይት መስሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ) ላይ የተሰራ ዌብሳይት ይዛችሁ እስካሁን ዝም ብላችሁ የተቀመጣችሁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። ቀድሜ ልናገርና ለአፕግሬዱ ከ10 8 ሰጥቼዋለሁ፣ 2ቱን የት እንደቀነስኩ ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ሪቪው ማደርገው ሶፍትዌሩን ብቻ አይደለም፣ ከ3 ተነስቶ 5 እስኪደርስ ያለውን መንገድ ጭምር ነው፣ ምክንያቱም ጁምላ 5ን ከዜሮ ጭኖ አዲስ ሳይት መስራትና የድሮውን እንዳለ ተሸክሞ ወደ 5 መውጣት ጭራሽ አይገናኙም።

ሳይቱ የአንድ የሙያ ማህበር ነው። ቢሮአቸው ፒያሳ ነበር፣ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ህንፃው ሲነሳ ወደ ሜክሲኮ አካባቢ ገቡ፣ ሳይቱ ግን አሁንም ፒያሳ ነን ይል ነበር፣ አባል ለመታወቂያ እድሳት እዛ ድረስ ሄዶ አጥር አይቶ ይመለሳል። ሰርቶ ያስረከባቸው ልጅ ውጭ ሄዷል፣ ፓስወርዱ ከአንድ የድሮ ደብተር ላይ ተገኘ፣ አድሚኑ ሲከፈት ደግሞ የጁምላ 3 ድጋፍ አብቅቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ከላይ ተለጥፏል። ሊቀመንበሩ "ልጄ፣ አድራሻዋን ብቻ ቀይርልንና ሌላውን ተወው" አሉኝ። አድራሻው እዛው ቁጭ ብለን ተቀየረ፣ ከዛ "ጋሼ፣ አድራሻውማ ተስተካከለ፣ ግን ይሄ ሳይት ቁልፉ የጠፋ ሱቅ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት የቁማር ማስታወቂያ ሞልቶት ቢያገኙት አይግረምዎት" ስላቸው ትንሽ አሰቡና "ስንት ይፈጃል?" አሉ። ወደ ስንቱ ኋላ እመጣለሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ጁምላ 3 የወጣው በፈረንጆቹ 2012 ነው፣ የመጨረሻው 3.10 ድጋፉ ኦገስት 2023 ላይ ተዘጋ። 4 በ2021 ወጥቶ ኦክቶበር 2025 ላይ አበቃ። 5 የወጣው ኦክቶበር 2023 ነው፣ የሴኩሪቲ አፕዴት ደግሞ እስከ ኦክቶበር 2027 ያገኛል። በየ2 አመቱ አዲስ ትልቅ ቨርዥን ማውጣት ልማዳቸው ሆኗል፣ ስለዚህ አንዴ ሰርቼ ለ10 አመት እረሳዋለሁ ሚባለው ነገር አልቋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከ3 ዘሎ 5 ላይ መውጣት የለም። መጀመሪያ 3ን የመጨረሻው 3.10.12 ላይ ታደርሱታላችሁ፣ ከዛ 4.4፣ ከዛ 5። ድጋፉ የቆመ 4 ውስጥ ለምን እገባለሁ ሚል ሰው ይኖራል፣ መልሱ ፒኤችፒ ነው፣ ጁምላ የተጻፈበትና ሰርቨሩ ላይ ሚያስኬደው ቋንቋ። 4.4 ከፒኤችፒ 7.2.5 ጀምሮ ይነሳል፣ 5 ግን ከ8.1 በታች እንቢ ነው። የድሮ ሳይት አብዛኛውን ጊዜ 7.4 ወይ ከዛ በታች ላይ ነው ሚገኘው። ስለዚህ በ7.4 እንዳላችሁ ወደ 4.4 ትሄዳላችሁ፣ እዛ ላይ ያረጀውን ሁሉ አራግፋችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ከዛ ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ገብታችሁ ፒኤችፒውን 8.1 ወይ ከዛ በላይ ታደርጉና ወደ 5 ትሻገራላችሁ። ይሄን ገልብጦ መጀመሪያ ፒኤችፒውን 8 ያደረገ ሰው ነጭ ገጽ ይመጣበትና ሃክ ተደረግኩ ብሎ ይደነግጣል፣ ሃክም ምንም አይደለም፣ አንድ የድሮ ፕለጊን (ጁምላ ላይ ሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ነው የወደቀው።

ዳታቤዙን፣ ጽሁፎቹና ዩዘሮቹ ሚቀመጡበትን፣ ደግሞ ሰው ይረሳዋል። ጁምላ 5 ማይኤስኪውኤል ከሆነ 8.0.13፣ ማሪያዲቢ ከሆነ 10.4 ወይ ከዛ በላይ ይፈልጋል። ሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ሳይት አንድ ሰርቨር ሚጋራበት) ላይ ፒኤችፒውን ራሳችሁ በሁለት ክሊክ ትቀይራላችሁ፣ ዳታቤዙን ግን ሆስቲንጉ ራሱ ካላሳደገው እናንተ አትነኩትም። ማህበሩ ይከፍልበት የነበረው ሆስቲንግ (ስሙ ይቅር) ገና ማይኤስኪውኤል 5.7 ላይ ነበር፣ ስንጠይቅ መልስ የለም፣ ስንደውል "ትኬት ክፈቱ" ነው፣ ትኬት ስንከፍት ዝም፣ በመጨረሻ ሳይቱን ሌላ ቦታ አዛወርነው። እናንተ ስራውን ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን አንድ ጥያቄ በጽሁፍ ጠይቁ፣ ብዙ ጣጣ ያድናችኋል።

ባክአፕ ላይ አኬባ ባክአፕ የሚባለውን የጁምላ ተጨማሪ ዝም ብላችሁ ተጠቀሙ፣ ነፃው ኮር ቨርዥን ይበቃል። ሳይቱን ከነዳታቤዙ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ይሰጣችኋል፣ ከዛ ኪክስታርት በሚባለው መሳሪያ ላፕቶፓችሁ ላይ ትፈቱትና ሙሉውን አፕግሬድ እዛ ላይ ትሞክሩታላችሁ። ቀጥታ ሳይቱ ላይ አፕዴት ሚጫን ሰው አለ፣ ለሱ ምንም ምለው የለኝም።

አሁን ራሱ አፕግሬዱ። አቦ ጎበዞች ናቸው። አፕዴት ገጹ ላይ ቻናሉን ጁምላ ኔክስት ወደሚለው ስትቀይሩት ቅድመ ፍተሻ ያመጣላችኋል፣ ሰርቨሩ ይመጥናል ወይ፣ የትኛው ኤክስቴንሽን (ጁምላ ላይ ሚጫን ተጨማሪ) ከሚቀጥለው ቨርዥን ጋር ይሰራል፣ የትኛው አይሰራም፣ የትኛው አይታወቅም ብሎ ይዘረዝራል። ሁሉን ካጸዳችሁ በኋላ ባተኑ ተጫነ፣ መቶኛው እየቆጠረ ሄደ፣ አለቀ። ጽሁፎቹ አሉ፣ ካቴጎሪዎቹ አሉ፣ ዩዘሮቹ አሉ፣ ሜኑው አለ። ሲስተም ውስጥ ዳታቤዝ ሚለው ላይ ገብታችሁ ስትራክቸሩ ጎሎ እንደሆነ ታያላችሁ፣ ከጎደለ ማስተካከያ ባተን አለው። እዚህ ድረስ ሙሉ ነጥብ።

የመጀመሪያዋ 1 ነጥብ የተቀነሰችው ፍተሻው ላይ ነው። አንድ ኤክስቴንሽን "ይሰራል" ተብሎ አረንጓዴ ሲሆን ጁምላ ሞክሮት አይደለም፣ የኤክስቴንሽኑ ባለቤት እሰራለሁ ብሎ ያስመዘገበውን አንብቦ ነው። ባለቤቱ አመት ሙሉ ዞር ብሎ ያላየው ነገር "አይታወቅም" ይልና እናንተ ላይ ይጥለዋል፣ ይሰራልም ሊሆን ይችላል፣ ሳይቱን ይዞት ሊወድቅም ይችላል። ማህበሩ ሳይት ላይ ደግሞ የፎቶ ጋለሪ፣ ስላይድ ሾው፣ ፎርም፣ የፌስቡክ ሳጥን፣ የምንዛሪ ተመን ሚያሳይ ነገር (ለምን እንደገባ ማንም አያውቅም)፣ ሁሉም ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው። ቴምፕሌቱም (የሳይቱን መልክ ሚወስነው) እንደዛው ነው። ጁምላ 3 ቡትስትራፕ 2ን (የገጽ አቀማመጥ ኮድ ስብስብ) ይዞ ነበር ሚመጣው፣ 4 እና 5 ቡትስትራፕ 5 ናቸው፣ በዚህ መሀል ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ የድሮ ቴምፕሌት ቢነሳ እንኳን ሜኑው አይከፈትም፣ ሳጥኖቹ ይበታተናሉ። እኛ ትተነው ካሲዮፒያ የሚባለው የጁምላ የራሱ ቴምፕሌት ላይ ገባን፣ ቀለሙንና የአማርኛ ፎንቱን ዩዘር ሲኤስኤስ ፋይሉ (የራሳችሁን መልክ ምትጽፉበት) ላይ ጻፍን፣ በቃ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሰርቨሩ ላይ ተጭኖ አሁን በየትኛውም ስልክ አንድ አይነት ይነበባል። የጋለሪውን ስራ ራሱ የጁምላ ከስተም ፊልድ (ጽሁፍ ላይ ሚጨመር ተጨማሪ ሳጥን) ሰራው።

ኤክስቴንሽን በዶላር አዲስ ግዙ የሚል ምክር ታነቡ ይሆናል፣ እዚህ አገር ሆናችሁ ያንን በጣም አስቡበት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አመታዊ ሰብስክሪፕሽን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ካርዱም ከተገኘ ነው። ከጁምላ ጋር አብሮ በሚመጣው መስራት ሚቻለውን ሁሉ በሱ ስሩ።

አማርኛ ሳይት ካላችሁ ይሄን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አንደኛ ሊንክ። ጁምላ ላይ የጽሁፉን ርዕስ በአማርኛ ትጽፉና አሊያስ (የሊንኩ ስም) ሚለውን ባዶ ከተዋችሁት፣ ሊንኩ በአማርኛ ፊደል እንዲሆን ሚፈቅደው ዩኒኮድ አሊያስ ካልተከፈተ በቀር፣ ፊደላችንን ወደ ላቲን መቀየር ስለማይችል ቀንና ሰዓቱን ሊንክ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ማህበሩ ሳይት ላይ የአመታት ዜና ሁሉ ሊንኩ የቁጥር ሰልፍ ነበር፣ ጉግልም ሰውም ምንም አይገባውም። ዩኒኮድ አሊያሱ ይከፈት ብትሉ ደግሞ ብሮውዘር ላይ ያምራል፣ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ግን አንዷ ፊደል የፐርሰንት ምልክት ያለባት 9 ካራክተር ሆና ትወጣለች፣ አራት ቃል ርዕስ ግማሽ ስክሪን ይሞላል። እኔ ምመርጠው ለአዲስ ጽሁፍ አጭር አሊያስ በላቲን ፊደል በእጅ መጻፍ ነው። የድሮዎቹን አትንኩ፣ ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ የተለጠፈው ሁሉ ወደዛ ነው ሚወስደው።

ካልነካናቸውም ራሱ አንዳንዶቹ ይሰበራሉ፣ የ3ቱ የድሮ ሩቲንግ (ሊንክ ሚሰራበት መንገድ) 4 ላይ ስለቀረ። ሪዳይሬክት የሚባለውን ፕለጊን ከአፕግሬዱ በኋላ ክፈቱት፣ ሰው ገብቶ ያጣውን ሊንክ ይመዘግብላችኋል፣ አንድ በአንድ ወደ ትክክለኛው ታዞሩታላችሁ። አሰልቺ ስራ ነው ግን ቡና ይዞ ይሰራል።

ሁለተኛ ፍለጋ። ሁለተኛዋ ነጥብ እዚህ ነው የሄደችው። የድሮው ሰርች ከ4 ጀምሮ ከዋናው ፓኬጅ ወጥቷል፣ ያለው ስማርት ሰርች ነው፣ ኢንዴክስ ማድረግ (ጽሁፎቹን ቀድሞ መመዝገብ) ይፈልጋል፣ ፈጣን ነው። ግን የኛን ሞክሼ ፊደላት አያውቃቸውም። ጽሁፉ ላይ "ሥልጠና" ብሎ የጻፈ ጸሐፊ ካለና አባሉ ስልኩ ላይ "ስልጠና" ብሎ ከፈለገ ባዶ ነው ሚያገኘው። "ፀሐፊ"፣ "ጸሐፊ"፣ "ፀሀፊ" ሶስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ለሱ። የቢሮዋ ጸሐፊ እህታችን "እኔ እኮ ዜናውን ራሴ ነው የጻፍኩት፣ የታለ?" ብላ እስክትናደድ ድረስ ማንም አላስተዋለውም ነበር፣ የድሮው ሰርችም እኮ ይሄው ችግር ነበረበት። ያደረግነው ማታለያ ነገር ነው፣ ሜታ ኪይወርድ ሚለው የቁልፍ ቃላት ሳጥን ውስጥ የቃሉን ሌሎች አጻጻፎች መጨመር፣ ስማርት ሰርች ያንንም ኢንዴክስ ያደርገዋል። ለዋና ዋናዎቹ ጽሁፎች ይሰራል፣ ለሁሉም ግን ማን ይጽፋል።

ቀኑስ? ጁምላ የፋርስን ካሌንደር ያውቃል፣ የኛን አያውቅም። የጉባኤ ጥሪ ላይ ፈረንጅ ቀን ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ግራ ይጋባሉ። ደስ ሚለው ነገር ፒኤችፒ ውስጥ ኢንትል ሚባለው ኤክስቴንሽን ሰርቨሩ ላይ ካለ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ራሱ ያሰላል፣ ቴምፕሌቱ ላይ ኦቨርራይድ (የጁምላን ፋይል ሚተካ የራሳችሁ ቅጂ) ሰርታችሁ ጥቂት መስመር ኮድ ከጨመራችሁ "መስከረም 12 ቀን" ብሎ ያወጣል። ኮድ ለማይነካ ሰው ግን ይሄ የለም።

ወደ ስንቱ ልመለስ። ሰራተኛ ስትቀጥሩ "አፕግሬድ በዚህ ያህል ብር" ብሎ ሳይቱን ሳያይ ዋጋ ሚጠራ ሰው ላይ ጥርጣሬ ይኑራችሁ። ባተኑን መጫን ቡና ተጠጥቶ ሚያልቅ ነገር ነው፣ ዋጋው ያለው ከውጭ የመጡት ኤክስቴንሽኖች ስንት ናቸው፣ ስንቶቹ ይጣላሉ፣ ስንቶቹ ይተካሉ፣ ቴምፕሌቱስ ሚለው ላይ ነው። እኔ የፍተሻውን ዝርዝር ፕሪንት አድርጌ ነው ኮሚቴው ፊት ያስቀመጥኩት፣ "ይሄ ያስፈልጋችኋል?" እያልኩ በየመስመሩ ሄድን፣ ግማሹ ተሰረዘ፣ ዋጋውም አብሮ ወረደ። ጭቅጭቅ የተነሳው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከታች ጥግ ላይ እስከዛሬ ስንት ሰው ገባ እያለ ሚቆጥረው ቆጣሪ። 5 ላይ አይሰራም፣ ይጥፋ አልኩ፣ ገንዘብ ያዡ "እሱማ አይነካም" አሉ፣ ለአመታዊ ሪፖርቱ ቁጥሩን ከዛ ነው ለካ ሚያነቡት። በመጨረሻ የሰርቨሩ ስታቲስቲክስ ሲፓነል ውስጥ እንዳለ አሳይቻቸው ተስማሙ፣ እዛ ያለው ቁጥር ግን ያነሰ በመሆኑ አሁንም ቅር ብሏቸዋል።

አድሚኑን የያዘችው እህታችን ወዳዋለች። መጀመሪያ ሜኑዎቹ ቦታ ስለቀየሩ ታማርር ነበር፣ ሲስተም ሚለው ውስጥ ሁሉም ነገር ተሰብስቧል፣ ገጽ ላይ እየወሰደ ሚያሳይ ጋይድድ ቱር ደግሞ አለው፣ ሚዲያው ላይ ፎቶ እዛው ይቆረጣል። ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያውን ለአድሚኖቹ ሁሉ ከፍተንላቸዋል፣ የደብተሩ ፓስወርድ ዘመን አብቅቷል።

6 ደግሞ ኦክቶበር 2025 ወጥቷል፣ እዛስ ለምን አትገቡም ትሉኝ ይሆናል። ፎርሙን ሚሰራልን ኤክስቴንሽን ገና ለ6 እሰራለሁ አላለም፣ እሱ እስኪል 5.4 ላይ ነን፣ ከ5.4 ጀምሮ ትንንሾቹን አፕዴቶች ራሱ መጫን ስለሚችል ከፍተነዋል። ባክአፕዋ ግን በየሳምንቱ በእጅ ትወርዳለች፣ ጸሐፊዋ አርብ አርብ ፍላሽ ላይ ጭና መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋታለች።