ኤችዲ 600፣ ኤልሲዲ-ኤክስ ወይስ ኤችዲ 800 ኤስ? ውድ ሄድፎን ከማስመጣታችሁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ውድ ሄድፎን ሞክሮ መግዛት ከባድ ነው። ብዙዎቻችን የምናስመጣው በሰው ነው። ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። ካልተስማማን መመለሻ የለውም።

የእኔም የመጀመሪያው እንደዚያ ነው የመጣው። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። የማን ምርት እንደሆነ ልተወው። ድምፁ ግሩም ነበር። ግን አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አናቴ መሃል ላይ አንዲት ቦታ መቆጥቆጥ ጀመረች። ወደ ፊት ገፋሁት፣ ወደ ኋላ መለስኩት፣ ከሥሩ ፎጣ አደረግኩበት። በማግሥቱም ያው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከነካርቶኑ ሸጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው "የቱን ልግዛ?" ሲለኝ መጀመሪያ ስለ ድምፅ አላወራም። "በአንዴ ስንት ሰዓት ታደርገዋለህ? መነጽር አለህ?" እላለሁ።

ዛሬ የማወዳድራቸው ሦስት ናቸው። ሁለቱ የጀርመኑ ሰንሃይዘር ሥራዎች ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤችዲ 600 እና በ2016 ገበያ የገባው ኤችዲ 800 ኤስ። ሦስተኛው የካሊፎርኒያው ኦዲዚ የሚሠራው ኤልሲዲ-ኤክስ ነው። ኤችዲ 600 እንደ ጊዜው ከ300 እስከ 450 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ኤልሲዲ-ኤክስ 1,199 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። ኤችዲ 800 ኤስ ሲወጣ ዋጋው 1,699 ዶላር ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሦስቱም ጀርባቸው ክፍት ነው። ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው የምትሰሙትን ይሰማል። እናንተም በደጅ የሚያልፈውን "ቆራሌው!" ጥርት አድርጋችሁ ትሰማላችሁ። ለታክሲና ለቢሮ አይሆኑም። ለዚያ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ እንደ ሶኒ ደብሊው ኤች-1000 ኤክስ ኤም 5 ያለ ገመድ አልባ ይሻላችኋል። 250 ግራም ነው፣ የውጭ ድምፅ ይቀንሳል፣ በአንድ ቻርጅ እስከ 30 ሰዓት ይሠራል። መብራት ሲጠፋም አያሳስብም። የዛሬዎቹ ሦስቱ ግን በር ዘግቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው ናቸው።

ከክብደት እንጀምር። ኤችዲ 600 ያለ ገመዱ 260 ግራም ነው። ኤችዲ 800 ኤስ 330 ነው። ኤልሲዲ-ኤክስ 612 ግራም ይመዝናል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም። ግማሽ ኪሎ ስኳር በፌስታል አድርጉና አናታችሁ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ መቶ ግራም ያህል ጨምሩበት። እንደዚያ ሆናችሁ አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር መስማት ትችላላችሁ? መልሱ ከሰው ሰው ይለያል። ሙከራው ግን ነፃ ነው፣ ከመግዛት በፊትም ይሞከራል።

ዋናው ደግሞ ክብደቱ የት ነው የሚያርፈው የሚለው ነው። ኤልሲዲ-ኤክስ ከላይኛው ቅስት ሥር ሰፊ ማንገቻ አለው። ጭነቱን አናት ላይ ይበትነዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ለይቶ አይቆጠቁጥም። የሚሠራው አንገት ነው። ወንበር ላይ ራሱን ደገፍ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ብዙም አይከብድም። ላፕቶፕ ላይ ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ግን አልመክረውም። ራስ ባዘነበለ ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት አብሮ ይወርዳል።

ኤችዲ 600 ተቃራኒው ነው። ቀላል ነው፣ ግን አዲስ ሲሆን ጉንጭና ጆሮን ጨምድዶ ይይዛል። ይህ መድኃኒት አለው። ከራሳችሁ ትንሽ ሰፋ ያለ ካርቶን ወይም የመጻሕፍት ቁልል ላይ አልብሳችሁት አሳድሩት። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ካደረ በኋላ ይለዝባል። የጆሮ ማስገቢያው ሞላላ ነውና ጆሮው ትልቅ የሆነ ሰው ጫፉን ሊነካው ይችላል።

ኤችዲ 800 ኤስን በምቾት የሚያክለው ከሦስቱ መሃል የለም። ጆሮ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ይገባል፣ ምንም አይነካውም። ጆሮን የሚከብበው ትራስ የሚያርፈው ከጆሮ ራቅ ብሎ ነው። ጓደኛዬ ቤት አድርጌው ስሰማ ቡና ደርሷል ብለው ጠሩኝ። ብድግ ብዬ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። የያዘኝ ገመዱ ነው። ሄድፎን ማድረጌን ረስቼዋለሁ።

የትራሱን ጨርቅም አትናቁት። የኤችዲ 600 ትራስ ከፋይ ነው፣ ያናፍሳል። የኤችዲ 800 ኤስም ለስላሳ ጨርቅ ነው። ኤልሲዲ-ኤክስ በቆዳ ወይም ቆዳ በሚመስል ነገር የተለበጠ ወፍራም ትራስ አለው። አዲስ አበባ በክረምት ቢሆን ደስ ይላል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላላችሁ ግን ላብ ያመጣል።

መነጽር፣ ሻሽ ወይም ሒጃብ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በትራሱና በቆዳችሁ መሃል ክፍተት ሲፈጠር መጀመሪያ የሚያመልጠው ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ ነው። ኤልሲዲ-ኤክስን ሰው የሚገዛው በአብዛኛው ለቤዙ ስለሆነ ጉዳቱ እሱ ላይ ጎልቶ ይታወቃል። አድርጋችሁት ትራሱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጆሯችሁ ጫን አድርጉት። ቤዙ ድንገት ከጨመረ ክፍተት አለ ማለት ነው። ሹሩባ የተሠራችም ቅስቱ ከጉንጉኑ ላይ ያርፍ እንደሆነ አስቀድማ ታስብበት።

ወደ ድምፁ እንሂድ። ሄድፎን ስትሞክሩ ሱቁ ወይም ጓደኛችሁ የከፈተላችሁን ሙዚቃ አትስሙ። ከልጅነታችሁ ጀምሮ የምታውቁትን ድምፅ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በበገና ነው። አሥር ጅማት አለው። ጅማቶቹ ሥር የሚገቡት ትናንሽ ቁርበቶች፣ እንዚራ የምንላቸው፣ ያን ጥዝጥዝታ ይሰጡታል። ከሥር ጥልቅ ድምፅ አለ፣ ከላይ ሻካራ ንዝረት አለ፣ መሃል ላይ ዝግ ያለ የሰው ድምፅ አለ። ለሄድፎን ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

በኤችዲ 600 በገናው ሲሰማ ሰውየው ፊት ለፊታችሁ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ድምፁ የሰው ድምፅ ነው፣ አልተነካካም። የሚጎድለው ከሥር ነው። የወፍራሞቹ ጅማቶች መሠረት ሳሳ ይላል። ከበሮ ያለበት መዝሙር ላይ ደግሞ ይህ ጎልቶ ይታወቃል፤ ምቱ አለ፣ ክብደቱ የለም።

ኤልሲዲ-ኤክስ ላይ ያ መሠረት ይመጣል። አሠራሩ ራሱ የተለየ ነው። በሌሎቹ ሁለቱ በማግኔት ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ ስስ ሽፋኑን ይገፋዋል። በኤልሲዲ-ኤክስ ግን መብራቱ የሚያልፍበት መስመር ስሱ ሽፋን ላይ ራሱ የታተመ ነው። 106 ሚሊ ሜትር የሆነው ገጽ በማግኔቶች ፊት እንዳለ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከበሮው ሲመታ ደረት ላይ የሚያርፍ ይመስላል። ድክመቱ የድምፃውያን ነገር ነው። የሴት ድምፅ ከፍ ሲል፣ የአስቴር አወቀን ዓይነት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ይሰማል። ጆሮ ግን አይጎዳም፣ ለስለስ ያለ ነው።

ኤችዲ 800 ኤስ ክፍሉን ያሰፋዋል። የበገናው እያንዳንዱ ጅማት የራሱ ቦታ አለው። በአዳራሽ የተቀረጸ ሙዚቃ ከሆነ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሁሉ የሚታያችሁ ይመስላል። ግን ምንም አይደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ታላቅ ወንድሙ ኤችዲ 800 ቀጭኑ ድምፅ ላይ ስለታም ነበር። ኤስ የተባለው ያንን የሚውጥ ክፍል ተጨምሮበት ነው። ቀነሰለት እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የምንወደው ሙዚቃ ከካሴት የመጣ ነው። ካሴቱ ከሌላ ካሴት ተቀድቷል፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ተጭኗል። በኤችዲ 800 ኤስ የጥላሁን ገሠሠን የድሮ ቅጂ ስትሰሙ ከድምፁ እኩል የቴፑ "ሽሽሽ" ይመጣል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው አምሐ ሬከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች በደንብ ታድሰው ሲወጡ ሌላ ነገር ነው። ካሴት ለካሴት ለሆነ ስብስብ ግን ያን ያህል ዶላር ማውጣት ልቤ አይፈቅድም። ኤችዲ 600 ለእነዚህ ቅጂዎች ሩኅሩኅ ነው። የድሮ ሙዚቃዎቻችን ሕይወታቸው መሃል ላይ ነው፣ ድምፅና ሳክስፎን ላይ። እሱም የሚያምርበት እዚያው ነው።

ሁለት ሄድፎን ስታወዳድሩ አንድ ወጥመድ አለ። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። በአንድ ቮልት ኤችዲ 600 ወደ 97 ዴሲቤል፣ ኤችዲ 800 ኤስ ወደ 102 ዴሲቤል ይሰጣል። ኤልሲዲ-ኤክስ በዚያው ቮልት 120 ይደርሳል፤ ይህ ጆሮ የሚጎዳ ነው። ስለዚህ መሰኪያውን ከማዛወራችሁ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጉ። ከዚያ እኩል እስኪመስሉ አስተካክሉና ፍረዱ።

ከዚሁ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። ግዙፉ ኤልሲዲ-ኤክስ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም (ኢምፔዳንስ) 20 ኦም ብቻ ስለሆነ ስልክ ላይ በምትሰካ ትንሽ ማስተላለፊያ (ዶንግል) በደንብ ይሠራል። ሁለቱ ሰንሃይዘሮች 300 ኦም ናቸው። በትንሿ ማስተላለፊያ ይሰማሉ፣ ግን በዝቅታ የተቀረጸ በገና ላይ ድምፁ ጣሪያው ላይ ይደርስና ይቆማል። ለነሱ አምፕሊፋየር (አምፕ)፣ ማለትም የድምፅ ኃይል ማጉያ፣ አስቡ። አምፕ ከአሜሪካ የምታስመጡ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አስነብቡ። "110" ወይም "120" ብቻ ካለ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። "100-240" የሚል ወይም ከዩኤስቢ የሚሠራ ይሁን።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይኸው። ዘፈንና መዝሙር፣ በተለይ የድሮውን፣ ለረጅም ሰዓት የምትሰሙ ኤችዲ 600 ግዙ። በተረፈው ገንዘብ አምፕና ትርፍ ትራስ አስመጡ፤ ትራሱ በእጅ ተነቅሎ ይቀየራል፣ ገመዱም እንደዚያው። ሙዚቃ የምታቀናብሩ ወይም ቤዝ ከሌለ ሙዚቃ የለም የምትሉ፣ መነጽር የማታደርጉ፣ አንገታችሁም ጠንካራ ከሆነ ኤልሲዲ-ኤክስ ነው። ኤችዲ 800 ኤስን የምመክረው ጥራት ያለው ቅጂ ለሚሰበስብ፣ ጃዝና ኦርኬስትራ ለሚሰማ፣ አምፕም ላለው ሰው ነው። እንደዚያ ላለው ሰው ከሌሎቹ ሁለቱ አላወዳድረውም። እኔ ቤት ያለው ኤችዲ 600 ነው፤ ትራሱን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።

ዕቃውን የሚያመጣላችሁ ሰው ከመነሳቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲደርሰው እዘዙ። ካርቶኑን እዚያው ይክፈተው፣ አንድ ሰዓት ያድርገው፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ይስማ። የተበላሸ ነገር ካለ መመለስ የሚቻለው እዚያ እያለ ነው።